የጥምር ቃላት የቀለም አከፋፈልና የድምፅ ጫና፤ የጣና ዙሪያ ስሞችን መነሻ በማድረግ

1. መግቢያ

በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ የተቆረቆረችው ከተማ ስሟ በየአደባባዩ በልዩ ልዩ ዓይነት ተጽፎ ይታያል፤ «ባሕር ዳር»፣ «ባህር ዳር»፣ «ባህርዳር» እየተባለ። ከእነዚህ ልዩነቶች አንደኛው፣ ማለት በሐመሩ «ሐ» ወይስ በሃሌታው «ሀ» ይጻፍ የሚለው፣ ብዙ የተከራከሩበት ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አናነሣውም። ሁለተኛው ግን በቂ ትኩረት ያገኘ አይመስለንም። ይኸውም ስሙ አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት? አንድ ከሆነስ የት ላይ ይከፈላል? የሚለው ነው። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመርበታል። አንዱ ጸሐፊ ከ«ር» በፊት የ«ኢ»ን ምልክት ያገባል፤ ሌላው የ«አ»ን ምልክት ያገባል፤ ሦስተኛው ምንም ሳያገባ «ሕ»ንና «ር»ን አያይዞ ያልፋል። ሦስቱም የሚጽፉት አንዲቱን ድምፅ፣ ማለት ፊደላችን ለብቻዋ ምልክት ያላበጀላትን የሳድስ አናባቢ፣ ለመያዝ ሲሞክሩ ነው።

የአገሩ ሰው በዚህ አይቸገርም። በጀልባ ወደ ደሴቶቹ የሚያሻግረው ቀዛፊ «ደብረ ማርያም»፣ «ዳጋ እስጢፋኖስ»፣ «ኡራ ኪዳነ ምሕረት» ሲል የት እንደሚያጠብቅ፣ የት እንደሚያላላ፣ የትኛውን ድምፅ እንደሚውጥ ከአባቱ አፍ ተምሮታል። ጽሑፉ ግን ይህን ሁሉ አይናገርም። ስሙን ከአፍ ሳይሆን ከወረቀት የሚያገኘው ተርጓሚ፣ ዜና አንባቢ፣ ካርታ ሠሪ፣ በቅርቡም ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ኮምፒዩተር፣ የሚተማመኑት በመዝገበ ቃላት ብቻ ነው። መዝገበ ቃላቱ ዝም ካለ ሁሉም ይስታሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በጣና ዙሪያ ያሉትን ስሞች መነሻ አድርገን፣ በአማርኛ ጥምር ቃል ውስጥ ቀለም እንዴት እንደሚከፈልና ጫናው የት እንደሚያርፍ እናያለን፤ በመጨረሻም ለመዝገበ ቃላት ሥራ የሚጠቅም ሐሳብ እናቀርባለን።

2. ስለ ስያሜዎቹ

በአንድ የድምፅ ግፊት የሚወጣውን የቃል ክፍል አንዳንዶቹ «ክፍለ ቃል»፣ ሌሎቹ «ቀለም» ይሉታል። እኛ «ቀለም» የሚለውን መርጠናል። «ክፍለ ቃል» ስምንና ግስን ከመሳሰሉት የቃል ክፍሎች ጋር በቀላሉ የሚምታታ ሲሆን፣ «ቀለም» ግን በግጥም ምጣኔ ትምህርት የተለመደ ነው።

ሦስት ተቀራራቢ ስያሜዎችንም መለየት ያስፈልጋል። «አናባቢ» የሚባለው እንደ አ፣ ኡ፣ ኢ ያለው ድምፅ ነው። «ተነባቢ» የሚባለው በአናባቢ የሚነበበው ድምፅ ነው። «ተናባቢ» የሚባለው ደግሞ በግእዝ ሰዋስው ከዘርፉ ጋር ተያይዞ የሚነበበው ቃል ነው፤ «ቤተ ንጉሥ» ባልን ጊዜ «ቤተ» ተናባቢ፣ «ንጉሥ» ዘርፍ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ በአብዛኛው ይህ ሦስተኛው ነው።

ለአጻጻፉም የሚከተለውን ስምምነት እንያዝ። በሰረዝ የተለየው እያንዳንዱ ክፍል አንድ ቀለም ነው። በቀለም መጨረሻ ላይ ያለ ሳድስ አናባቢ የለውም። የጠበቀ ተነባቢ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። በዚህ መሠረት «ዋና» ላልቶ (የውኃ ዋና) ዋ-ና፣ ጠብቆ (ዋነኛ) ዋን-ና ይሆናል።

የአማርኛ ቀለም አሠራር በአጭሩ ይህ ነው። ቀለሙ በአንድ ተነባቢ ይጀምራል፤ አናባቢ ይከተለዋል፤ ከዚያ በኋላ ባዶ ሊቀር ወይም አንድ፣ ቢበዛም ሁለት ተነባቢ ሊያስከትል ይችላል። «ወርቅ» እና «ድንቅ» ሁለት ተነባቢ ያስከተሉ ባለ አንድ ቀለም ቃላት ናቸው። በቀለም መነሻ ላይ ሁለት ተነባቢ እንዳይገጥሙ ቋንቋው የሳድስ አናባቢን ያገባል፤ ሳያስፈልግ ሲቀር ደግሞ ያወጣታል። በጥምር ቃል መገጣጠሚያ ላይ የሚታየው ለውጥ ሁሉ ከዚህች አናባቢ መግባትና መውጣት የተነሣ ነው ለማለት ይቻላል።

3. አንድ ቃል፣ ሁለት ዓይነት ጥምረት

በጣና ዙሪያ ሁለት ዓይነት የጥምረት ሥርዓት ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛው የአማርኛ ነው። «ባሕር ዳር» ማለት የባሕር ዳር፣ የሐይቅ ዳርቻ ማለት ሲሆን፣ ዋናው ቃል «ዳር» በስተኋላ፣ ገላጩ «ባሕር» በስተፊት ቆሟል። «ትምህርት ቤት»፣ «ፍርድ ቤት»፣ «ጽሕፈት ቤት»፣ «እንጀራ አባት» የሚሉትም በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ሁለተኛው የግእዝ ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አጠገብ ያለችው ደሴት ስም «ደብረ ማርያም» ዋናውን ቃል «ደብር»ን አስቀድሞ ዘርፉን ያስከትላል፤ የመጀመሪያውም ቃል መጨረሻ ከሳድስ ወደ ግእዝ ይለወጣል። «ቤተ መንግሥት»፣ «መዝገበ ቃላት»፣ «ሕገ መንግሥት» እንደዚሁ ናቸው። በሣልስ የሚጨርሰው ቃል ወደ ኃምስ ይለወጣል፤ «መድኃኔ ዓለም»፣ «ጸሓፌ ትእዛዝ» እንደሚባለው። በሌላ አናባቢ የሚጨርሰው ግን አይለወጥም፤ «ዜና መዋዕል» ለዚህ ምሳሌ ነው።

የሁለቱ ሥርዓቶች ልዩነት በቃል ቅደም ተከተል ብቻ የሚያበቃ ቢመስልም ቀለሙንም ይለውጣል። ይህንን ለማየት አንዱን ቃል «ባሕር»ን በሁለቱም ሥርዓት እንመልከተው፦

ባሕር ዳር፦ ባ-ሕር-ዳር
ባሕረ ነጋሽ፦ ባሕ-ረ-ነ-ጋሽ

በመጀመሪያው «ሕ» የሳድስ አናባቢን ይዛ ቀለም ትጀምራለች፤ «ር» ትዘጋዋለች። በሁለተኛው «ር» የራሷን አናባቢ ስላገኘች የ«ሕ» አናባቢ አላስፈላጊ ሆና ወጥታለች፤ «ሕ»ም ወደ ፊተኛው ቀለም ተስባ መዝጊያ ሆናለች። «ደብር»ም ለብቻው ደ-ብር ሲሆን በ«ደብረ ማርያም» ደብ-ረ-ማር-ያም ይሆናል። በፊደል «ሕ» እና «ብ» ምንም አልተለወጡም፤ በጆሮ ግን ሥራቸው ተለውጧል። የከተማዋን ስም በላቲን ፊደል የሚጽፉት ሰዎች የሚለያዩት ከዚህ የተነሣ ነው። አናባቢዋን የሚያገባው ባ-ሕር የሚለውን የአማርኛ ንባብ ሰምቷል። የሚያወጣት ሰው የ«ባሕረ»ን መልክ በዓይነ ሕሊናው ይዟል፣ ወይም ሳድስን ሁሉ ያለ አናባቢ ቈጥሯል።

ጥምረቱ በሁለቱም ሥርዓት ቢለያይም አንድነቱ አንድ ዓይነት ነው። የብዛትና የእመር ምልክት ሁልጊዜ በጥምሩ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ «ፍርድ ቤቶች»፣ «ቤተ መንግሥቱ» እንላለን። በ«ቤተ መንግሥቱ» ዋናው ቃል «ቤት» ሆኖ ሳለ ምልክቱ በ«መንግሥት» ላይ መቀመጡ፣ ተናጋሪው ሁለቱን እንደ አንድ ቃል መያዙን ያሳያል። «አብያተ ክርስቲያናት» ያለው የግእዝ ብዛት በተማረው ሰው ጽሑፍ ጸንቶ ቢኖርም፣ «ቤተ ክርስቲያኖች» የሚለው በሕዝቡ አፍ የተለመደ ነው። ሌላው መፈተኛ በመካከል ቃል ማስገባት ነው። «የባሕሩ ሰፊ ዳር» ይባላል፤ «ባሕር ሰፊ ዳር» ግን አይባልም።

4. በመገጣጠሚያው ላይ የሚሆነው

ሁለት ቃላት በአንድ ትንፋሽ ሲነገሩ በመገጣጠሚያቸው ላይ ሦስት ነገሮች ይታያሉ።

ሀ. የሳድስ አናባቢ መውጣት። «ክርስቲያን» ለብቻው ሲነገር ክ-ርስ-ቲ-ያን፣ አራት ቀለም ነው። «ቤተ ክርስቲያን» ሲባል ግን «ክ» በፊቷ የ«ተ»ን አናባቢ ስላገኘች የራሷን ትታ ወደ ኋላ ትጠጋለች፤ ቤ-ተክ-ርስ-ቲ-ያን ይሆናል። ሁለትና አራት ስድስት መሆን ሲገባቸው አምስት ሆነዋል። «ሥነ ጽሑፍ»ም በዝግታ ሥ-ነ-ጽ-ሑፍ፣ በተለመደው ንግግር ሥ-ነጽ-ሑፍ ነው። በ«ኪዳነ ምሕረት» ግን የ«ም» አናባቢ እንደ ጸናች ትኖራለች፤ ብትወጣ «ም»፣ «ሕ»፣ «ረ» ተከታትለው ይገጥሙ ነበርና። ስለዚህ ኪ-ዳ-ነ-ምሕ-ረት እንላለን።

ለ. የተነባቢ መሻገር። «ጢስ ዓባይ» ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ፏፏቴ ስም ነው። በጽሑፍ በ«ስ» እና በ«ዓ» መካከል ክፍተት አለ። በንግግር ግን በአማርኛ «ዓ» የጉሮሮ ድምፅዋን ስለተወች የፊተኛው ቃል መዝጊያ «ስ» ወደ እርስዋ ይሻገራል፤ ጢ-ሳብ-ባይ ይሆናል። ዓይን ክፍተቱን የሚያየው ከ«ስ» በኋላ ነው፤ ጆሮ ግን ድንበሩን የሚሰማው ከ«ስ» በፊት ነው።

ሐ. የአናባቢ መዋጥ። «ዳጋ እስጢፋኖስ» በጽሑፍ ዳ-ጋ-እስ-ጢ-ፋ-ኖስ ሲሆን፣ በንግግር «እ» በ«ጋ» ተውጣ ዳ-ጋስ-ጢ-ፋ-ኖስ ይባላል። እንደዚሁም «ባለ» እና «አገር» ተጋጥመው «ባላገር»፣ «ባለ» እና «አባት» ተጋጥመው «ባላባት» ሆነዋል። ልዩነቱ «ባላገር» እንደ ተሰማ ሲጻፍ «ዳጋ እስጢፋኖስ» እንደ ታወቀ መጻፉ ነው። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ለታተመው መዝገበ ቃላታቸው «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» የሚል ስም መስጠታቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። «የአማርኛ» ሳይሉ «ያማርኛ» ማለታቸው እንደ ተሰማ የመጻፍን መንገድ ያሳያል። ዛሬ የጸናው ልማድ አባላቱን ለይቶ የሚያሳየው መንገድ ነው። ይህም ለትርጉም ግልጽነት ይጠቅማል፤ ንባቡን ግን ለአንባቢው ዕውቀት ይተወዋል።

5. ጥብቀት

በአማርኛ ቃልን ከቃል የሚለየው ኃይል ጥብቀት ነው፤ ፊደሉ ግን አያሳየውም። በጣና አካባቢ ለዚህ ከ«ዓባይ» የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የወንዙ ስም ጠብቆ ዓብ-ባይ ነው፤ ላልቶ አ-ባይ ቢባል ሐሰተኛ ሰው ማለት ይሆናል። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት አላልቶ የሚያነብ ሰው ወንዙን ወደ ዋሾ ይለውጠዋል። በዚህ ቃል የቆየው አጻጻፍ ወንዙን በዓይኑ «ዓ» ስለሚለየው ጥቂት ይረዳል፤ በሌሎቹ ቃላት ግን ይህ እንኳን የለም።

በጥምር ቃል ውስጥ ጥብቀት አይጠፋም፤ የቀለሙን ድንበር ግን ይወስናል። «ሕግ» መጨረሻው የጠበቀ ስለሆነ «ሕገ መንግሥት» ሕግ-ገ-መን-ግሥት ይሆናል። «ቤተ ሙከራ» ደግሞ ቤ-ተ-ሙክ-ከ-ራ ነው። ይህ ሁለተኛው ቃል በሌላም ምክንያት ሊጠና ይገባዋል። «ሙከራ» የአማርኛ ቃል ሆኖ ሳለ በግእዝ ተናባቢ ሥርዓት ገብቷል። ይህም የሚያሳየው ተናባቢው የጥንት ቅሬታ ብቻ አለመሆኑን፣ አዲስ ስያሜ ለማውጣት ዛሬም የሚያገለግል ሕያው መንገድ መሆኑን ነው። ስያሜ አውጪ ሁሉ ንባቡንም አብሮ መወሰን ያለበት ስለዚህ ነው፤ አዲሱ ቃል ከአፍ የሚማረው ሰው የለውምና።

6. ስለ ድምፅ ጫና

በአማርኛ የድምፅ ጫና ቃልን ከቃል አይለይም፤ ደካማም ስለሆነ አጥኚዎች በሚያርፍበት ቦታ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። ስለዚህ የሌላውን ቋንቋ ሕግ ወደ አማርኛ ማምጣት አይገባም። ለማነጻጸር ያህል ግን የሆላንድን ቋንቋ፣ ማለት ደችን፣ እንመልከት። ደች ጥምር ስሞችን አያይዞ እንደ አንድ ቃል ይጽፋል፤ ዋናው ጫናም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው አባል ላይ ያርፋል። «ክቫርትስላኸን» የሚለው ቃላቸው ክቫርት-ስላኸን ተብሎ ቢከፈል «ሩብ ዙሮች» ማለት ነው፤ ክቫርትስ-ላኸን ተብሎ ቢከፈል «የኳርትዝ ድንጋይ ንብርብሮች» ማለት ነው። ጫናው በሁለቱም ንባብ በመጀመሪያው አባል ላይ ስለሆነ ትርጉሙን የሚወስነው የመገጣጠሚያው ቦታ ነው። ስለሆነም በመሥመር መጨረሻ ላይ ቃሉ ሲቆረጥ በመገጣጠሚያው እንዲቆረጥ ደንብ አላቸው። የእኛ ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። እነርሱ አያይዘው ስለሚጽፉ አንባቢያቸው ድንበሩን ይፈልጋል፤ እኛ ለይተን ስለምንጽፍ አንባቢያችን አንድነቱን ይፈልጋል።

ለጆሯችን እንደሚሰማን በአማርኛ ጥምር ቃል የመጀመሪያው አባል ቀለል ብሎ ያልፋል፤ ድምፁ የሚረጋው በሁለተኛው ላይ ነው። የአጻጻፍ ልማዳችንም ይህን የሚደግፍ ይመስላል። በአሕጽሮት ስንጽፍ «ት/ቤት»፣ «ፍ/ቤት»፣ «ጽ/ቤት» እንላለን፤ «ቤ/ክርስቲያን»፣ «ገ/ማርያም»፣ «ኃ/ማርያም»ም እንላለን። በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዋናው ቃል በስተኋላ ነው፤ በኋለኞቹ ሦስቱ በስተፊት ነው። ሆኖም በሁሉም የሚያጥረው የፊተኛው አባል ነው። ጸሐፊው የሚያሳጥረው ጆሮው አቅልሎ የሚያሳልፈውን ይሆናል ብለን እንገምታለን። ይህ ማረጋገጫ ባይሆንም በመሣሪያ ተለክቶ ሊጠና የሚገባው ምልክት ነው።

የአገራችን ሊቃውንት በዚህ ረገድ ጆሯቸውን ያሠለጠኑት ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በንባብ ቤት የግእዝ ቃል ሁሉ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ ወይም ሰያፍ ተብሎ ይለያል። «ቀደሰ» የመሰለው ግስ በተነሽ ይነበባል። ተናባቢ ሲመጣ ደግሞ ተማሪው ከዘርፉ ለይቶ እንዳይቆምበት ይታረማል። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶችን የመሰሉት የጎጃም ጉባኤያትም በኅብር ቅኔ ቃልን በልዩ ልዩ ቦታ እየከፈሉ ሌላ ትርጉም ማውጣትን አስተምረዋል። ሰም የሚሆነው አንዱ አከፋፈል፣ ወርቅ የሚሆነው ሌላው አከፋፈል ነው። እንግዲህ ዕውቀቱ አለ ማለት ነው። የጎደለው ወደ መዝገበ ቃላት ገጽ መሻገሩ ነው።

7. ለመዝገበ ቃላትና ለትርጉም ሥራ

ከላይ ካልነው ተነሥተን የሚከተሉትን አምስት ነጥቦች ለውይይት እናቀርባለን።

ሀ. ጥምር ቃል በሁለት ተለይቶ ቢጻፍም እንደ አንድ ራሱን የቻለ ቃል ይመዝገብ። «ባሕር ዳር» በ«ባሕር» ሥር እንደ ምሳሌ ተጠቅሶ መቅረት የለበትም። እንደ «ቤተሰብ» እና «ባላገር» ያሉት አባሎቻቸው ፈጽመው የተዋሐዱ ቃላት ግን ተያይዘው ይጻፉ።

ለ. ከቃሉ ቀጥሎ ንባቡ በቀለም ተከፍሎ፣ ጥብቀቱም ታይቶ ይቀመጥ። ወልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው አጭር የአማርኛ መዝገበ ቃላት ቃላቱን በላቲን ፊደል እያስነበበ የጠበቀውን ፊደል በመድገም አሳይቷል። እኛ ለራሳችን አንባቢ ይህን በገዛ ፊደላችን ማድረግ አያቅተንም። ከፊደል ራስ ላይ የሚውለው የጥብቀት ምልክት ዛሬ በኮምፒዩተር የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ ስለሚገኝ የማተሚያ ችግር ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ሐ. የብራና ጸሐፊዎቻችን ቃላትን በሁለት ነጥብ ይለዩ ነበር፤ መሥመር ሲያልቅባቸውም ቃሉን በማናቸውም ፊደል ላይ ያለ ምልክት ቆርጠው ወደሚቀጥለው መሥመር ያልፉ ነበር። ሁለት ነጥቡ የቃሉን ፍጻሜ ስለሚያስታውቅ አንባቢው አይሳሳትም። ዛሬ በሁለት ነጥብ ፈንታ ባዶ ክፍተት ስለገባ ያ ጥበቃ ቀርቷል። ስለዚህ «ቤተ»፣ «ሥነ»፣ «ሕገ» የመሰሉት ተናባቢዎች በመሥመር መጨረሻ ላይ ብቻቸውን እንዳይቀሩ ይደረግ። መቁረጥ ግድ ከሆነ በአባላቱ መካከል ይሁን እንጂ በድምፁ ድንበር አይሁን፤ «ጢስ» እና «ዓባይ» ተብሎ ይቆረጣል፤ «ጢ» እና «ስዓባይ» ተብሎ አይቆረጥም።

መ. ይኸው ጥንቃቄ ለሰው ስምም ያስፈልጋል። «ገብረ ማርያም»፣ «ወልደ ሚካኤል»፣ «ኃይለ ማርያም» ተናባቢዎች ናቸው። በልዩ ልዩ ቅጾች ላይ፣ በተለይ በላቲን ፊደል ሲሞሉ፣ «ገብረ» የራስ ስም፣ «ማርያም» የአባት ስም ሆኖ ሲገኝ አይተናል። የአንድ ክፍተት ስሕተት ሰውየውን የማያውቀው አባት ትሰጠዋለች።

ሠ. ተርጓሚው ክፍተት የማይፈታው አሻሚነት እንዳለ ይወቅ። «የባሕር ዳር መንገድ» የከተማዋ መንገድ ወይም በሐይቁ ዳር የሚሄደው መንገድ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ በሁለቱም የ-ባ-ሕር-ዳር ስለሆነ ጆሮም አይረዳም። እንዲህ ባለ ጊዜ «የባሕር ዳር ከተማ መንገድ» ወይም «የሐይቁ ዳርቻ መንገድ» ብሎ ማብራራት የተርጓሚው ግዴታ ነው።

8. ማጠቃለያ

በአማርኛ ጥምር ቃል አንድነቱ የሚታወቀው በጽኑ ጫና አይደለም። የሚታወቀው የሳድስ አናባቢ ከመገጣጠሚያው በመውጣትዋ፣ የፊተኛው ቃል ተነባቢ ወደ ኋለኛው በመሻገሩ፣ አናባቢ በአናባቢ በመዋጡና ምልክት ሁሉ በመጨረሻው አባል ላይ በመግባቱ ነው። እነዚህን አንዳቸውንም በጽሑፍ አናሳይም። እስከ ዛሬ ያለ ችግር የኖርነው ስሙን የሚያውቅ ሰው በየቦታው ስለነበረ ነው። የጣና ደሴቶችና የየመንደሩ ወደቦች ስሞች በአብዛኛው በአካባቢው ሰዎች አፍ ላይ ናቸው። ስሙን ከእነዚህ ሰዎች ሰምቶ፣ በቀለም ከፍሎ፣ ጥብቀቱን ለይቶ የሚመዘግብ ሰው ዛሬ ካልተገኘ፣ ነገ በእጃችን የሚቀረው ፊደሉ ብቻ ነው። ይህም ሥራ ለሐይቁ ቅርብ ለሆኑት መምህራንና ተማሪዎች፣ በ1992 ዓ.ም. በተቋቋመው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቋንቋ የሚያጠኑትን ጨምሮ፣ የሚመች ይመስለናል። አንባቢዎቻችንም በየአካባቢያቸው የሚያውቋቸውን የጥምር ስሞች ንባብ ከዚህ በላይ በተመለከተው አጻጻፍ እየመዘገቡ ቢያቆዩ፣ ለሚመጣው መዝገበ ቃላት የማይተካ ቅርስ ያበረክታሉ።